የታንኳ ፎቶ ስታነሱ ቋጠሮውን አትርሱ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ፣ ድባጤ ከተማ፣ ለአባላትና ለደጋፊዎች የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው «ዛሬ አንቺም ንግግር ታደርጊያለሽ» ሲለኝ ስለ ቁጠባ ወይም ስለ ብድር አመላለስ መስሎኝ ደብተሬን ይዤ ነበር የቀረብኩት። «የለም፤ ስለዚያ ስለ ጀልባ ፎቶሽ ንገሪን» አሉኝ። የምትስቁ አላችሁ፤ ሳቁ። ድባጤ ላይ ቆሞ ስለ ጀልባ ማውራት ያስቃል። ባሕር የለን፣ ሐይቅ የለን። ያለን አባይ ነው፤ እሱም ከወረዳችን በስተ ደቡብ፣ ከታች በቆላው፣ እኛንና ካማሺን ለይቶ የሚያልፍ ነው። ቢሆንም የጀልባው ነገር ዞሮ ዞሮ እዚሁ እኛው ዘንድ ይመጣል። እስኪመጣ ድረስ ታገሱኝ።

ግድግዳው ላይ የለጠፍኳቸውን ፎቶዎች ስትገቡ አይታችኋል። ሁሉም በዚችው በምታውቋት ስልኬ የተነሡ ናቸው። አብዛኞቹ ከጣና ሐይቅ ናቸው። ከዚህ ቻግኒ፣ ከቻግኒ እንጅባራ፣ ከዚያ በዳንግላ አድርጌ ባሕር ዳር ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ሁለቱ ለሥልጠና፣ አንዱ ለራሴ ጉዳይ። ጀልባ ማየት የጀመርኩት በመጀመሪያው ጉዞ ነው፤ ምክንያቱም እኔ ሴት መሆኔ ነው። ሥልጠናው ሲያልቅ ደሴቶቹን ሊያሳዩን በሞተር ጀልባ ይዘውን ሄዱ። ክብራን ገብርኤል ስንደርስ ወንዶቹ ጫማቸውን አጥብቀው ወደ ላይ ወጡ፤ እኛ ጀልባው ላይ ቀረን። ገዳሙ ሴት አይገባበትም፤ ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ ነው። የቆየ ሥርዓት ነው፤ እኔ ልከራከርበት አልመጣሁም። አጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ደግሞ የሴት መነኮሳት ገዳም ነው፤ እዚያ ገብተናል። ብቻ ወንዶቹ ከላይ የብራና ሥዕል ሲያዩ እኛ ከታች ውሃ ስናይ ቆየን፤ በውሃው ላይ ደግሞ ታንኳ ያልፍ ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ እንጨት እስከ ጫፉ የጫነ ሦስተኛ፤ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ገበያ የሚሄድ። ሰውየው የተቀመጠው እንጨቱ ላይ ነው። ከታች ያለው ታንኳ ራሱ አይታይም፤ የማገዶ ክምር ብቻውን በውሃ ላይ የሚሄድ ይመስል ነበር። በስተግራ የመጀመሪያው ፎቶ እሱ ነው። ጥሩ ፎቶ አይደለም፤ የፀሐይ ነጸብራቅ በልቶታል። ነገር ግን የተቀረውን ሁሉ ያመጣው እሱ ነው።

ታንኳን ላላያችሁት ልንገራችሁ። የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገል በሐይቁ ዳር ረግረጉ ላይ የሚበቅል፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ጫፉ ላይ እንደ ጎፈሬ የተበተነ ተክል ነው። ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፣ ከዚያ በረጅም በረጅሙ ይታሰራል፤ ወደ ጫፍ እየቀጠነ እንዲሄድ ተደርጎ። እስሮቹ ጎን ለጎን ይሰፋሉ፤ የፊቱ ጫፍ ወደ ላይ ይቀለበሳል። ከውስጥ ደግሞ ሌላ ደንገል ይነጠፋል፤ ሰውና ጭነት በሱ ላይ ይቀመጣል። ምስማር የለው፣ ሳንቃ የለው፣ ቅጥራን የለው። «ታዲያ ውሃ አይገባውም?» ትሉኛላችሁ። ይገባዋል! ታንኳ ውሃ የሚከለክል ዕቃ አይደለም። የሚንሳፈፈው የደንገሉ አገዳ በውስጡ አየር ስለያዘ ነው። እንደ ገንዳ ተቦርቡሮ ሳይሆን እንደ ነዶ ታስሮ ነው የሚቆመው።

ለዚህም ነው ባለታንኳዎች ከውሃ እንደ ወጡ ታንኳቸውን ጎትተው አውጥተው ፀሐይ ላይ የሚያቆሙት። ካልደረቀ ይጠጣል፤ ከጠጣ ይከብዳል፤ ከከበደ ይበሰብሳል። ቢጠነቀቁለትም ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። ከዚያ ሌላ ይሠራል። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ከኔ ፎቶ አንድም ታንኳ ዛሬ የለም። ሁሉም በስብሰዋል። ያለው የሚሠራው እጅ ነው፤ እጁ ከጠፋ ደግሞ ታንኳው በሙዚየም ተቀምጦ የሚቆይ ዕቃ አይደለም።

እጁ የማን ነው? በጣና ዳር ታንኳ በመሥራት የታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። በድሮ ጊዜ ጉማሬ አዳኞች ነበሩ፤ የወፍጮ ድንጋይም ይጠርቡ ነበር። የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፤ ጠፍቶ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ሌላው ሰው ለረጅም ዘመን ሲንቃቸው፣ አብሯቸው አልበላም አላገባም ሲል ኖሯል። ይህን የምናገረው እኛ ባለንበት አካባቢ እንዲህ ያለ ንቀት ምን እንደሚያደርግ የምናውቅ ሰዎች ስለሆንን ነው። አሁን ደግሞ የሐይቁ ዳር እየታረሰ፣ ከተማው እየሰፋ ደንገሉ ሳስቷል። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ስሙ የገነነው እምቦጭም የሐይቁን ዳር፣ በተለይ በሰሜንና በምሥራቅ በኩል፣ እየሸፈነ ታንኳም ጀልባም አላሳልፍ ብሏል። እምቦጭን ፎቶ ስታነሱት ሲያምር ልነግራችሁ አልችልም! ወይን ጠጅ አበባ፣ ለምለም ቅጠል። ሦስት አንስቼ ሁለቱን አጥፍቻለሁ። አንዱን የተውኩት ታንኳ መሐሉ ተቀርቅሮ ስለሚታይበት ነው።

በሁለተኛው ጉዞዬ አንዲት ሴት አገኘሁ። ስሟን ጠይቄ ደብተሬ ላይ ጽፌያለሁ፤ በጋዜጣ እንዲወጣ ስላልጠየቅኋት እዚህ አልጠራውም። ከደንገል መሶብና ትንንሽ ታንኳ እየሠራች ለእንግዳ የምትሸጥ ናት። ፎቶ ላንሳሽ ስላት መልሷ እንዲህ ነበር፦ ፎቶዋ የስንት አገር ሰው ስልክ ውስጥ እንደገባ፣ እሷ ግን አንዱንም አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። በቁጣ አልነበረም፤ ስለ ዝናብ እንደምታወራ አድርጋ ነው የነገረችኝ። ስልኬን ኪሴ ከትቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስንጫወት ቆይተን «እሺ፣ እጄን አንሺ» አለችኝ። በመሐል ያለው ትልቁ ፎቶ እሱ ነው። በማግስቱ ባሕር ዳር ፎቶ ቤት ገብቼ ሁለት ቅጂ አሳጠብኩና አንዱን ወሰድኩላት። ከዚያ በኋላ ነው የታንኳውን አሠራር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የማነሣበትን መንገድ የከፈተችልኝ፤ ወንድሟ ሠሪ ነው። ተከታዮቹ ዘጠኝ ፎቶዎች ከዚያ የመጡ ናቸው፦ ሲታጨድ፣ ሲሰጣ፣ ሲታሰር፣ ገመዱ ሲከረር፣ ጫፉ ሲቀለበስ፣ በጉልበቱ ተጭኖ ሲያጠብቀው።

ደጋፊዎቻችን አትቀየሙኝ እንጂ፣ እኛም ፎቶ የምንነሣ ሰዎች ነን። ስንት ሪፖርት ላይ ወጥተናል፤ ፊታችን ሁልጊዜ ወደ ካሜራ፣ እጃችን ሁልጊዜ ባዶ። የበርበሬ ድልሁን የምታዘጋጀው፣ ጥጡን የምትፈትለው ማን እንደሆነች ከፎቶው ማንም አያውቅም። ከእንግዲህ የማኅበራችን ፎቶ ሲነሣ ባለቤቷ ትጠየቅ፣ ሥራዋ ይታይ፣ አንድ ቅጂ ታጥቦ በእጇ ይግባ ብዬ ለኮሚቴው በጽሑፍ አቅርቤያለሁ። ዛሬ ከሰዓት በድምፅ ይወሰናል። ለማሳጠቢያ የሚሆነው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ አብረን እንነጋገራለን፤ ብዙ አይደለም።

አሁን ስለ ቋጠሮው ልንገራችሁ።

ቶር ሄየርዳል የሚባል የኖርዌይ ሰው ነበር። የጥንት ግብፆች የደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ያቋርጣል ወይስ አያቋርጥም የሚለውን ነገር በቃል ከመከራከር ሠርቼ ልሞክረው አለ። ደንገሉን ከየት አመጣ? ከኛው ከጣና። በጣናም መጥቶ ታንኳዎቹን አይቷል። ደንገሉ ተጭኖ ግብፅ ወረደ፤ ከቻድ ሐይቅ የመጡ የቡዱማ ሰዎች በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ጀልባውን አሠሩለት። «ራ» ተባለ። በግንቦት 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ወደብ ከሳፊ ተነሥቶ ወደ አሜሪካ አቀና። ሰባት ሰው ነበረበት። ከአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሄደና የኋላ ጫፉ እየሰመጠ፣ እስሩ እየላላ፣ ባርቤዶስ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ጥለውት ወጡ።

ምን ጎደለው? በጥንት ግብፆች የመቃብር ሥዕል ላይ ከጀልባው ከተቀለበሰው የኋላ ጫፍ ወደ መሐሉ የተወጠረ አንድ ገመድ ይታያል። በሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት እዚያው ግድግዳው ላይ ነበረ። ያየው ሁሉ አይቶታል፤ ለምን እንደሆነ ግን የሚያውቅ አልነበረም። «ራ» ላይ ይህ ገመድ አልነበረም። ባሕሩ መሐል ሲገቡ ነው ሥራው የገባቸው፤ ገመዱ የኋላውን ጫፍ እንደ ቀስት ጅማት ወጥሮ፣ ማዕበሉ ሲመታው እንዲለመጥና እንዳይወድቅ የሚያደርግ ነበር። በዓመቱ በኢትዮጵያ ደንገል ሁለተኛ ጀልባ ተሠራ፤ አሁን የሠሩት ከቦሊቪያ፣ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሰዎች ናቸው። «ራ ሁለት» በ57 ቀን አትላንቲክን ተሻግሮ በሐምሌ 1962 ዓ.ም. ባርቤዶስ ገባ።

ይህን ታሪክ ካነበብኩ ወዲህ ፎቶ አነሣሤ ተለወጠ። ያ የግብፅ ሠዓሊ ገመዱ ምን እንደሚሠራ ይወቅ አይወቅ እንጃ፤ ግን ያየውን ሁሉ ሣለ፣ «ይሄ አይረባም» ብሎ አልተወም። እኛም ጀልባ ስናነሣ ብዙውን ጊዜ የምናነሣው ከሩቅ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ጥቁር ሆኖ፣ ለዓይን እንዲያምር። እሱም ይነሣ፤ አልከለክልም፤ እኔም ሁለት አለኝ። ግን ከሱ የሚማር ሰው የለም። ወገቡን፣ ሆዱን፣ የገመዱን ዙር፣ ቋጠሮው ከላይ ነው ከታች የሚለውን ቀረብ ብላችሁ አንሱ። ምን እንደሆነ ያልገባችሁን ነገር በተለይ አንሱ። ከጎኑ እጃችሁን ወይም ስንዝር የሚያህል እንጨት አድርጉ፤ መጠኑ እንዲታወቅ። ከኋላውም ዙሩና አንሱ፤ የጀልባን የኋላ ማንም አያነሣም።

የስልኩን ነገር ባጭሩ። ጣና ጠዋት ዝም ያለ ነው፤ ከሰዓት ነፋስ ይነሣል፣ ይናወጣል። ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ያለው የጠዋት ብርሃን ዝቅ ብሎ በጎን ስለሚመጣ የእያንዳንዱን አገዳ ጥላ ያወጣል፤ እኩለ ቀን ላይ ግን ሁሉም ነገር ዝርግ ይሆናል። ውሃ ስለሚያበራ ስልኩ ይታለልና ሰውየውን ያጠቁረዋል፤ እስክሪኑ ላይ የሰውየውን ፊት በጣታችሁ ነካ አድርጉት፣ ያስተካክላል። ስልኩን ሁለት ፌስታል አልብሳችሁ፣ ክር አስራችሁ አንገታችሁ ላይ። ስታነሡ ብቻ ይውጣ። ጀልባ ላይ ለፎቶ ብላችሁ አትቁሙ።

ካያክ የሚባል ነገርም ሞክሬያለሁ፤ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር የሚያከራዩ አሉ። ጠባብ፣ ረጅም የፕላስቲክ ጀልባ ነው፤ አንድ ሰው እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥበታል፣ ሁለት ጫፍ ባለው መቅዘፊያ በግራ በቀኝ እየቀዘፈ ይሄዳል። ሥሩ የሰሜን ዋልታ አዳኞች ከእንስሳ ቆዳ ይሠሩት የነበረው ጀልባ ነው። ልብሴን ሰብስቤ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬቱን አጥብቄ ገባሁ። የወደድኩት ነገር፣ ቁጭ ስትሉ ዓይናችሁ ከውሃው ብዙም ከፍ አይልም። ከሞተር ጀልባ ሆናችሁ ታንኳ ስታነሡ ቁልቁል ነው የምታዩት፤ ባለታንኳው ያነሰ ይመስላል። ከካያክ ግን ዓይን ለዓይን ናችሁ። ሞተርም ስለሌለው ወፉም ሰውየውም አይሸሽም። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ባለታንኳው የሚቀዝፈው በረጅም የቀርከሃ ዘንግ፣ እሱም እንደኔው አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ መሆኑ ነው። እኔ የተከራየሁት ፋብሪካ የሠራው፤ የሱ ከጫካ የተቆረጠ፤ አቀዛዘፉ አንድ። እንደኔ እንደኔ የሱ ይፈጥናል። አባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት በኩል ግን ጉማሬ አለ፤ ወደዚያ አትጠጉ ብለው ከልክለውኛል፤ አልተጠጋሁም።

ካያክና አባይን ካነሣሁ፣ ወንዛችን ላይ ስለመጡት ሰዎችም ትንሽ ልበል። እ.ኤ.አ. በ1903 ማክሚላን የሚባል አሜሪካዊ ሀብታም የብረት ጀልባዎች ይዞ አባይን እወርዳለሁ አለ፤ ጀልባዎቹ ገና በጅምሩ ተሰባበሩ። በ1965 አርነ ሩቢን የሚባል ስዊድናዊ ከሸፋርታክ ድልድይ ተነሥቶ ለብቻው በትንሽ ጀልባ እየቀዘፈ ሱዳን ገባ። በ1968 የእንግሊዝ ወታደሮች ከብላሽፎርድ ስኔል ጋር በጎማ ጀልባዎች መጡ፤ አንድ ሰው ውሃ ወሰደባቸው። በ2004 ደግሞ ስካቱሮና ብራውን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ከምንጩ ተነሥተው በ114 ቀን ሜዲትራኒያን ደረሱ፤ ፊልምም ተሠራበት። ሱዳን የደረሱት ሁሉ በኛ በታች አልፈዋል። የመተከልን ቆላ፣ የገደሉን ግድግዳ፣ ከሁሉም አብልጠው የራሳቸውን ጀልባ ፎቶ አንሥተዋል።

ከነሱ ሁሉ እኔ የማከብረው በጀልባ ያልወረደውን ነው። ቺስማን የሚባል የእንግሊዝ ቆንስል ነበር፤ ከ1925 ጀምሮ መቀመጫው እዚህ ጎረቤታችን ዳንግላ። አባይን በእግርና በበቅሎ ተከትሎ ካርታውን አነሣ፤ ጣናንም በታንኳ ዞረው። እ.ኤ.አ. በ1936 «ጣና ሐይቅና ጥቁር አባይ» የሚል ትርጉም ያለው መጽሐፍ አሳተመ። ቸኩሎ የሚያልፍ ሰው ስላልነበረ የአካባቢው ሰው በምን እንደሚሻገር ቆም ብሎ አይቷል። ሌሎቹ ወንዙን ሊያሸንፉ ነበር የመጡት፤ ሸናፊ ደግሞ ጎንና ጎን አያይም።

በአገራችን ሌላ ሌላ ጀልባም ሞልቷል። ጋምቤላ ባሮ ላይ ከአንድ ግንድ የተቦረቦረ አለ። እንፋሎት መርከብ ከካርቱም ይመጣበት የነበረም ወንዝ ነው፤ በ1902 እ.ኤ.አ. ምኒልክ ከእንግሊዞች ጋር በተዋዋሉት መሠረት የተከፈተ የንግድ ጣቢያ ነበረበት። ጫሞና አባያ ላይ እንደ ቡሽ ከቀለለ እንጨት የሚሠራ አለ፤ ዓሣ አጥማጆቹ አዞ መሐል በሱ ይሄዳሉ። እነዚህን በዓይኔ አላየሁም፤ ያየች ካለች ፎቶ ታምጣልን። «ጣና ነሽ ሁለት» የተባለችውን ትልቅ ጀልባ ግን ሁላችሁም በስልክ አይታችኋል። በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደብ በየብስ፣ በተሽከርካሪ ተጭና፣ ተራራ ወጥታ ሜዳ ወርዳ ባሕር ዳር ገባች። በየከተማው ሕዝብ ወጥቶ እየዘመረ ፎቶ አነሣት። ባሕር በሌለው አገር ጀልባ በአስፋልት ሲያልፍ ማን ዝም ይላል! ስንት ሺህ ፎቶ እንደተነሣላት እግዜር ይወቀው። በዚያው ሳምንት ሐይቁ ዳር ፀሐይ ላይ የቆመችን ታንኳ ያነሣ ሰው ግን ብዙ አይመስለኝም።

እና ወደ ቤታችን እንምጣ። እናቶቻችን አባይን ምን ላይ ሆነው ተሻገሩ?

እዚህ የተቀመጣችሁ ከወዲያ ማዶ የተዳራችሁ አላችሁ። ጨው፣ ማር፣ ጥጥ ተሻግሯል። በበጋ ውሃው ሲጎድል በመልካው በእግር፤ ውሃው ሲሞላ ግን በቁርበት። አንዲት አባላችን እናቷ የነገሯትን ለኔ ነግራኛለች፦ ያልለፋ የበሬ ቁርበት ይዘረጋል፤ ጭነቱ መሐሉ ላይ ይደረጋል፣ ዙሪያው በሣር ይታጨቃል፣ ከዚያ ዳር ዳሩ ተሰብስቦ በጠፍር ይታሰራል። ሕፃን ላዩ ላይ ይቀመጣል። ዋናተኞች በግራ በቀኝ ይዘው እየገፉ ያሻግሩታል። ከባንኩ ላይ ደግሞ ሌሎች ይጮኻሉ፣ ድንጋይ ይወረውራሉ፤ አዞው እንዲርቅ። ይህንን ስሰማ መጀመሪያ የጠየቅኩት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «ቋጠሮው እንዴት ነው?» የሚለውን ነው። ልጅቷ አላወቀችውም። እናቷ ያውቁታል።

የዚህ ፎቶ የለንም። በየቤቱ ጠይቄያለሁ፤ የሠርግ ፎቶ አለ፣ የክርስትና አለ፣ የአረፋ አለ፤ የመሻገሪያው የለም። መንገዱ ተዘግቶ በቆየባቸው ዓመታት ስንቱ ቤት ከነፎቶው እንደጠፋም ታውቃላችሁ። ከታች በጉባ በኩል ደግሞ ወንዙ ራሱ ሐይቅ ሆኗል። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ፣ ንጋት የተባለ ሐይቅ። በላዩ ላይ አሁን የሞተር ጀልባ ይሄዳል፣ ወጣቶች ዓሣ ያጠምዱበታል። ደስ ብሎኛል፤ እኛም ለግድቡ ቦንድ ገዝተናል። እነዚያ አዳዲስ ጀልባዎች ፎቶ አንሺ አያጡም። የቁርበቱን ግን ያዩ ሰዎች ዕድሜያቸው ገፍቷል። የታንኳው እጅ ገና አለ፤ የኛ መሻገሪያ የቀረው በጥቂት ሰው ጣት ውስጥ ነው።

ስለዚህ እኔና አምስት አባላት እንዲህ አስበናል። ወንዙ ድረስ መውረድ አያስፈልግም፤ አዞም አለ፣ ገደልም አለ። ማሰሩን ሜዳ ላይ፣ ከስብሰባ ቤታችን ጀርባ ማሳየት ይቻላል። አንድ የበሬ ቁርበት ከሥጋ ቤት እንገዛለን፤ ሣሩ ሞልቷል፤ ጠፍሩን የሚቆርጥልን አለ። ሦስት ስልክ እናቆማለን፦ አንዱ ከሩቅ፣ አንዱ ከፊት፣ አንዱ እጁ ላይ ብቻ። እያንዳንዱ ነገር ስሙ በጉሙዝኛ፣ በሽናሽኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአዊኛና በአማርኛ ይጻፋል፤ አንዱ ቋንቋ ለቋጠሮው ስም ባይኖረው ሌላው ይኖረዋል። ፎቶዎቹ ታጥበው አንድ ስብስብ ለማኅበሩ፣ አንድ ለትምህርት ቤቱ፣ አንድ አንድ ደግሞ ለሚያሳዩን ሰዎች ይሰጣሉ። ደጋፊዎቻችን ለሪፖርታችሁ ብትፈልጉ ባለቤቶቹን ጠይቀን እንልክላችኋለን።

እስካሁን ማሰሩን የሚያውቁ ሁለት አባቶች ተገኝተዋል። ሦስተኛዋ ቅድም የነገርኳችሁ የአባላችን እናት ናቸው። ሁለቱ አባቶች ጠፍሩ መጀመሪያ ከየት በኩል እንደሚያዝ አልተስማሙም፤ አንዱ ከአንገቱ ነው ይላሉ፣ አንዱ ከጅራቱ። እማማ ሲጠየቁ ሳቁና «እነሱ ይዋኙ ነበር እንጂ አስረው ያውቃሉ? የማስረው እኔ ነበርኩ» አሉ። ቀጠሮው የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። ስልካችሁን ሞልታችሁ ኑ።